የልብን የደም መንገድ የከፈተ ሐኪም፤ የአንድሬያስ ግሩንጺግ ታሪክ

ልብ ለሌላው አካል ሁሉ ደም ሲያድል ይውላል፤ ሲያድልም ያድራል። ነገር ግን በጓዳዎቹ ከሚያልፈው ከዚያ ሁሉ ደም ለራሱ የሚወስደው የለም ማለት ይቻላል። ቀለቡን የሚያገኘው ከታላቁ የደም ሥር ግርጌ ወጥተው በላዩ ላይ እንደ ሐረግ በሚጠመጠሙ ሁለት ቀጫጭን ሥሮችና በቅርንጫፎቻቸው ነው። ስፋታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከነዚህ አንዱ በስብና በኖራ መሰል ነገር ሲጠብ፥ ሰውዬው ዳገት በወጣ ቍጥር ደረቱን ጭንቅ ይይዘዋል። በጠበበው ላይ ደም ረግቶ ፈጽሞ ሲዘጋው ደግሞ ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። በድንገት የሚጥለው የልብ ሕመም ይኸው ነው።

በዛሬው ጊዜ ይህ አደጋ የደረሰበት ሰው ቶሎ ተገቢው ሆስፒታል ከደረሰ፥ ሐኪሙ ከእጁ አንጓ ወይም ከብሽሽቱ በሚያስገባው ቀጭን ቱቦ የተዘጋውን ሥር ሊከፍትለት ይችላል። ሥሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ጥያቄው አያልቅም። ደሙ በርግጥ ወደ ልቡ ጡንቻ ደርሷል ወይ? በሩ መከፈቱና እንግዳው መግባቱ አንድ ነገር አይደሉም። ይህን ሥራ የጀመረው ሰው ጥያቄውን ገና በመጀመሪያው በሽተኛ ላይ አንሥቶታል፤ የሚመልስለትንም መሣሪያ በቱቦው ውስጥ አብሮ ሠርቶታል። የሰውዬው ስም በሕክምና ፋኩልቲ ካሉት ጓደኞቻችን በቀር በተማሪው ዘንድ እምብዛም ስለማይነሣ፥ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድሬያስ ግሩንጺግ በ1939 በወርኃ ሰኔ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወለደ። ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ማለት ነው። አባቱ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ ጦርነቱ ወስዶት ሳይመለስ ቀረ። እናቲቱ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ መከራውን አሳለፈች፤ አንድ ጊዜም ከዘመድ ዘንድ ለመኖር እስከ ደቡብ አሜሪካ፥ እስከ ቦነስ አይረስ ተሻግራ ነበር። ኑሮው ስላልተስማማት ልጆቿን ይዛ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተመለሰች። አንድሬያስ በላይፕጺግ ከተማ ስመ ጥር በሆነው በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1957 በከፍተኛ ውጤት ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የምሥራቁን መንግሥት ትቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ኰበለለ። የበርሊን ግንብ ገና አልተሠራም ነበር። በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1964 ተመረቀ።

ከምረቃው በኋላ ከተማራቸው ነገሮች አንዱን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ይኸውም በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር በቍጥር የሚያጠናው ትምህርት ነው። ወጣት ሐኪሞች ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ እንደ አሰልቺ ነገር ያዩታል። እርሱ ግን ከዚያ ያገኘውን የመቍጠር ልማድ እስኪሞት ድረስ አልተወውም፤ ወደ ፊት እንደምናየው የስሙ መሠረት ከሆነው ከፊኛው ባልተናነሰ ጠቅሞታል።

በ1969 ወደ ስዊስ አገር ተሻግሮ በዙሪክ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደም ሥር በሽታ በሚታከምበት ክፍል ሥራ ያዘ። በዚያን ጊዜ ቻርልስ ዶተር የሚባል በአሜሪካን አገር በፖርትላንድ ከተማ የሚኖር የራጅ ሐኪም ያደረገው ነገር በአውሮፓ ይወራ ነበር። ዶተር በ1964 አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት እግራቸው ሞቶ ሊቈረጥ ሲል አላስቈርጥም ቢሉ፥ በጠበበው የጭናቸው ሥር ውስጥ በመጀመሪያ ቀጭን፥ ቀጥሎ ወፈር ያለ ቱቦ እያሳለፈ መንገዱን አሰፋላቸው፤ እግራቸውም ዳነ። የአገሩ ሰዎች ሥራውን ከቁም ነገር ሳይጥፉት ቀሩ። በጀርመን ግን ኤበርሃርት ጻይትለር የተባለ ሐኪም ተቀበለው፤ ግሩንጺግም ከጻይትለር ዘንድ ሄዶ ተማረው።

የዶተር ዘዴ ጕድለት ነበረበት። የሚያሰፋው ቱቦ ራሱ ወፍራም ስለሆነ በቈዳው ላይ የሚበጀው ቀዳዳም ሰፊ ይሆናል፤ ሲገፋም በሥሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ቈሻሻ እያረሰ ይሄዳል። ግሩንጺግ ያሰበው፥ ሲገባ ቀጭን ሆኖ ከቦታው ሲደርስ ብቻ የሚነፋ ፊኛ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ልጆች የሚጫወቱበትን የላስቲክ ፊኛ በጠባብ ቀለበት ውስጥ አድርጎ መንፋት የሞከረ ሰው ግን ችግሩን ያውቀዋል፤ ፊኛው ቀለበቱን በማስፋት ፈንታ በግራና በቀኝ ባለው ባዶ ቦታ ያብጣል። በደም ሥር ውስጥ ቢሆን ጤነኛውን ክፍል ቀድዶ የታመመውን እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ፊኛ እስከ ተወሰነለት ስፋት ድረስ ብቻ ተነፍቶ፥ ከዚያ ወዲያ ግፊቱ ቢጨመርም የማይለጠጥና የሚጠነክር መሆን ነበረበት።

ይህን የፈለገው በትልቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ አልነበረም። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ በመኖሪያ ቤቱ በማድቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፕላስቲክ ቱቦውን፥ ሙጫውን፥ ክሩንና ምላጩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሚካኤላ፥ ረዳቱ ማሪያ ሽሉምፍና የማሪያ ባል አብረው ይሠራሉ። ጡረታ የወጡ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፖሊቪኒል ክሎራይድ ወደሚባለው ፕላስቲክ ስለ መሩት፥ ቱቦውን እያሞቁና እየነፉ የሚፈለገውን ቅርጽ አስያዙት። በየካቲት ወር 1974 ይህን ፊኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የ67 ዓመት ሰው የእግር ሥር ውስጥ ነፋው፤ ሥሩም ተከፈተ።

ከእግር ወደ ልብ ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነበር። የእግር ሥር ለጥቂት ደቂቃ ቢዘጋ እግሩ ይደነዝዛል እንጂ ሰውዬው አይሞትም። የልብ ሥር ቢዘጋ፥ ያውም ለግማሽ ደቂቃ እንኳ ቢሆን፥ ልቡ ምቱ ተሳክሮ ሊቆም ይችላል ብለው ብዙዎች ይፈሩ ነበር። ግሩንጺግ በውሾች ላይ የልብ ሥር በክር እያጠበበና በትንሽ ፊኛ እያሰፋ ሞከረ። በ1976 ውጤቱን በአሜሪካን አገር በማያሚ በተደረገው የልብ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ በግድግዳ ላይ ለጥፎ አሳየ። የቆሙ ተመልካቾች ብዙዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። ይህ ነገር ከቶ አይሆንም ካሉት አንዱ ስፔንሰር ኪንግ የሚባል የአትላንታ ሐኪም ነበር፤ ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልብን የሚመግቡትን ሥሮች ለይቶ በራጅ ማየት የተቻለው ከ1958 ወዲህ ነው። በክሊቭላንድ ከተማ ሜሰን ሶንስ የተባለ ሐኪም በራጅ የሚታየውን ፈሳሽ በታላቁ የደም ሥር ውስጥ ሊረጭ ሲል የቱቦው ጫፍ ሳይታሰብ በልብ ሥር አፍ ገብቶ ተገኘ። በሽተኛው ለጥቂት ሰኮንድ ልቡ ቆሞ ተመለሰ፤ የራጁ ፊልም ግን ሥሩን ከነቅርንጫፉ አሳየ። ከዚያ በኋላ የልብ ሐኪም ሁሉ ፊልም እያየ ይህ ግማሽ ጠብቧል፥ ያ ሩብ ጠብቧል እያለ ይፈርድ ጀመር።

ፊልም ግን ጥላ ነው። በአንድ በኩል ሰፊ የሚመስለው ሥር በሌላ በኩል ቢታይ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ቅርጹን ያሳያል እንጂ ደሙ ምን ያህል እንደሚያልፍ በቀጥታ አይናገርም። ግሩንጺግ የልቡን ቱቦ ሲሠራ በውስጡ ሁለት ቀዳዳ አደረገለት፤ በአንዱ ፊኛው ይነፋል፥ ሁለተኛው ግን ከፊኛው አልፎ በቱቦው ጫፍ ላይ ተከፍቶ የደሙን ግፊት ወደ ውጭ ወደ መለኪያው ያደርሳል። የምሕንድስና ተማሪ ወንድሞቻችን ነገሩን ከኛ ይልቅ ያውቁታል። በቧንቧ ውስጥ አንድ ቦታ ቢደፈን፥ ከድፍኑ በላይ ያለው ግፊት እንዳለ ሆኖ ከድፍኑ በታች ያለው ይወድቃል፤ የሁለቱ ልዩነት የድፍኑን ክፋት ይመሰክራል። እንደዚሁም የቱቦው ጫፍ ጠባቡን ቦታ ሲያልፍ በመለኪያው ላይ የሚጻፈው መስመር ዝቅ ይላል። ፊኛው ተነፍቶ ከሟሸሸ በኋላ መስመሩ ከፍ ካለ መንገዱ ተከፍቷል። ካላለ፥ ፊልሙ ምንም ቢያምር ሥራው አልተፈጸመም። ሐኪሙ ገና ከበሽተኛው አጠገብ ሳይለይ የእጁን ሥራ ውጤት በቍጥር አየ ማለት ነው።

በግንቦት ወር 1977 በሳን ፍራንሲስኮ ከሪቻርድ ማይለር ጋር ሆኖ፥ ደረታቸው ለቀዶ ሕክምና በተከፈተ በሽተኞች ላይ ፊኛውን ሞከረ። ከዚያም መስከረም 16 ቀን 1977 በዙሪክ ቀኑ ደረሰ። በሽተኛው የ38 ዓመት ሰው ነው፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት 38 ሞልቶታል። የሰውዬው የግራ ልብ ሥር በፊት ለፊት በሚወርደው ታላቅ ቅርንጫፉ ላይ በአንድ አጭር ቦታ ጠብቧል፤ ደረቱ ተከፍቶ ማሻገሪያ ሥር ሊሰፋለት ቀጠሮ ተይዟል። ግሩንጺግ አዲሱን ዘዴ ማንም ሰው ተነክቶበት እንደማያውቅ ሳይደብቅ ነገረው፤ ሰውዬውም ፈቀደ። የቀዶ ሕክምናው ሹም ስዊድናዊው ኦኬ ሴኒንግ ደግሞ ሥራው ከእጁ የሚወጣ ቢሆንም አልተቃወመም፤ ነገሩ ቢበላሽ ወዲያው ደረት የሚከፍቱ ሐኪሞች እንዲጠብቁ አደረገ። የራስን ጥቅም የሚነካ ነገር ሲመጣ እንዲህ የሚያደርግ አለቃ ብዙ አይገኝም።

ሰውዬው ነቅቶ ተኝቷል። ቱቦው ከብሽሽቱ ገብቶ ልቡ ደረሰ፤ ጫፉ ጠባቡን ቦታ ሲያልፍ የግፊቱ መስመር ወደቀ። ፊኛው ተነፋ። የተፈራው የልብ መሳከር አልመጣም። ፊኛው ሲሟሽሽ መስመሩ ተነሣ። ሁለተኛ ጊዜ ተነፋ፤ አሁንም ተነሣ፥ ከፊተኛውም በለጠ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ መታየቱ ራሱ አስደነቃቸው ይባላል።

በዚያው ዓመት በኅዳር የመጀመሪያዎቹን አራት በሽተኞች ታሪክ በማያሚ ጉባኤ ሲያቀርብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይሰክር ነበር። በ1979 በአሜሪካን አገር በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው የ50 በሽተኞች ዘገባ ግን እንደ ድል ዜና የሚነበብ አይደለም። ከ50ዎቹ የተሳካላቸው 32 ናቸው ይላል። በነዚህ የሥሩ ጥበት በአማካይ ከመቶ 84 ወደ 34 ወረደ፤ ከጠባቡ በላይና በታች ያለው የግፊት ልዩነት ደግሞ ከ58 ወደ 19 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ አለ። አምስቱ ግን ሁኔታቸው ስለ ከፋ በአስቸኳይ ለቀዶ ሕክምና ተወሰዱ። ለማሻገሪያ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡት ሰዎች ውስጥ ይህ ዘዴ የሚስማማው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ለሚሆኑት ብቻ እንደሆነም ገመተ፤ ከቀዶ ሕክምናው ጋር በዕጣ ተከፍሎ ካልተመዘነ በቀር ፍርድ መስጠት እንደማይቻልም ጨመረ። እንዲህ ያለ ዘገባ መጻፍ ከፊኛው መሥራት የሚያንስ ድፍረት አይደለም።

በየጊዜው ሐኪሞችን ወደ ዙሪክ እየጠራ ሥራውን በቴሌቪዥን በቀጥታ ያሳያቸው ነበር፤ ቢሳካም ባይሳካም በፊታቸው ነው። ከተከፈቱት ሥሮች ሲሶ ያህሉ በጥቂት ወሮች ውስጥ መልሰው እንደሚጠቡም አልሸሸገም፤ በሽተኞቹን እየጠራ እንደገና ይመረምራቸው ነበር። ዙሪክ ግን በቂ አልጋና በቂ ጊዜ አልሰጠችውም። በ1980 በአትላንታ ወዳለው ወደ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እንዲመጣ ካደረጉት ዋናው፥ ከአራት ዓመት በፊት ነገሩ ከቶ አይሆንም ያለው ያው ስፔንሰር ኪንግ ነበር።

የአሜሪካኑ ኑሮ ገንዘብና ዝና አመጣለት። ከሚካኤላ ተለያይቶ ሌላ ሚስት አገባ። አውሮፕላን መንዳት ተማረ፤ በሥራው ክፍል አንዲት ሚሊ ሜትር ያላግባብ የማይገፋው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ አደጋ የማይፈራ ነበር ይባላል። ጥቅምት 27 ቀን 1985 እሑድ ዕለት፥ በጆርጂያ ባሕር ዳር ካለው ቤቱ ወደ አትላንታ ለመመለስ ማዕበል ባመጣው ዝናብና ደመና ውስጥ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኑን ነድቶ ተነሣ። አውሮፕላኑ በመንገድ ወድቆ እርሱም ባለቤቱም ሞቱ። ዕድሜው 46 ነበር። አደጋው ዕጣ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኛ ግን በሥራው ላይ የነበረውን ጥንቃቄ ሩቡን ለአየሩ ጠባይ ቢያደርግ ኖሮ እንላለን።

ግሩንጺግ ፊኛውን የጀመረው ሥራቸው ለጠበበ እንጂ ፈጽሞ ለተዘጋባቸው አልነበረም። ድንገተኛው ሕመም የጣላቸውን በዚሁ ፊኛ ማከም የጀመሩት በካንሳስ ሲቲ ጄፍሪ ሃርትዝለርና ሌሎች ናቸው፤ ይህም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው ዘመን የረጋውን ደም የሚያቀልጡ መድኃኒቶችም መጡ። ታዲያ መድኃኒቱ ይሁን ፊኛው ሥሩን ከከፈተ በኋላ፥ የደሙ ፍሰት ምን ያህል እንደ ተመለሰ በምን ይለካ? ግሩንጺግ በሞተበት ዓመት በ1985 በአሜሪካን አገር አንድ የጥናት ማኅበር ከዜሮ እስከ ሦስት የሚቈጠር መስፈርት አወጣ። ዜሮ ማለት ቀለሙ ከዝጋቱ ወዲያ ጨርሶ አያልፍም ማለት ነው፤ አንድ ሲሆን ያልፋል፥ ሥሩን ግን አይሞላም፤ ሁለት ሲሆን ይሞላል፥ ነገር ግን እየተጓተተ ነው፤ ሦስት ሲሆን እንደ ጤነኛ ይፈሳል። በ1993 የወጣ ታላቅ ጥናት፥ በመድኃኒቱ ከታከሙት ውስጥ በ90 ደቂቃ ላይ ፍሰታቸው ሦስት ከደረሰላቸው በወር ውስጥ የሞቱት ከመቶ 4.4፥ ምንም ካልተከፈተላቸው ደግሞ 8.9 መሆናቸውን አሳየ። ሁለትና ሦስት በፊልም ላይ የጥቂት ሰኮንድ ልዩነት ናቸው፤ በሰው ሕይወት ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ይህም አልበቃም። የጃፓን ሐኪሞች በ1992 ትልቁ ሥር ከተከፈተ በኋላ ልዩ ፈሳሽ በልብ ሥር እየረጩ በድምፅ ሞገድ ቢመረምሩ፥ ከአራት በሽተኞች በአንዱ ያህል ደሙ ወደ ጡንቻው ጥቃቅን ሥሮች እንዳልገባ አገኙ። ዋናው ጐዳና ተጠርጓል፤ የመንደሩ መንገድ ግን ፈርሷል። ግፊትን የመለካቱ ነገር ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። የግሩንጺግ ቱቦ ራሱ በጠባቡ ቦታ ላይ ስፍራ ስለሚይዝ ልዩነቱን አጋንኖ ያሳይ ነበር፤ ቱቦዎቹም እየቀጠኑ ሲሄዱ ለመለኪያው ቀዳዳ ቦታ ጠፋ። እርሱ ከሞተ በኋላ አብዛኛዎቹ ሐኪሞች ግፊቱን ትተው በፊልሙ ብቻ ይፈርዱ ጀመር። በ1990ዎቹ ኒኮ ፓይልስ በሆላንድ፥ በርናርድ ደ ብራይነ በቤልጂግ፥ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ የግፊት መለኪያ አድርገው ያንኑ ጥያቄ መለሱት። በ2009 በወጣው 1005 በሽተኞች በተመዘኑበት ጥናት፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት፥ ሌላ የልብ አደጋ ወይም ሁለተኛ ሕክምና የደረሰባቸው በፊልም ብቻ ከታከሙት ከመቶ 18.3፥ በግፊት መለኪያ ከተመሩት ግን 13.2 ሆነው ተገኙ። ለነዚህ የገባላቸው የብረት መረብም ያነሰ ነው፤ ጠባብ የሚመስለው ሥር ሁሉ ደም የከለከለ አልነበረምና።

በዙሪክ ግሩንጺግ ያከማቸው 169 በሽተኞች ሐኪማቸው ከሞተ በኋላም አልተረሱም። በማድቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊኛ ስታጣብቅ የነበረችው ማሪያ ሽሉምፍ መዝገቡን ይዛ ከስፔንሰር ኪንግ ጋር እያንዳንዱን ተከታተለች፤ በ1993 በወጣው ዘገባቸው ከመቶ 90 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት መገኘታቸውን ጻፉ። የመጀመሪያው በሽተኛ በ1987፥ ማለት ሐኪሙ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፥ በአትላንታ የልቡ ሥር እንደገና በራጅ ታየ። ያ በፊት ለፊት የሚወርደው ቅርንጫፍ ክፍት ነበር።